ከካርታው የወጡት ዘጠኝ ቤቶች

የምን ሠራተኛ ነሽ ሲሉኝ ይቸግረኛል። «የማኅበረሰብ ልማት ባለሙያ ነኝ» ስላቸው፣ «እሺ፣ ግን ምን ትሠሪያለሽ?» ይሉኛል። እናቴ ለጎረቤት «ስብሰባ ትሰበስባለች» ብላ ነው የምትገላገለው፤ አልተሳሳተችም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ሰብስቤ፣ ወረቀት ዘርግቼ፣ እስክሪብቶ አድዬ «እስቲ እናንተ ንገሩን» ስል ኖሬያለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ፣ ማንም እንዳይነካብኝ። ይሄን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም። በዚሁ በምወደው ሥራ ላይ ሆኜ ዘጠኝ ቤት አጥፍቻለሁ፤ አንደኛው የእትዬ መርፌ ቤት ነው።

እትዬ መርፌ ልብስ ሰፊ ናቸው። በሌላ ስም የሚጠራቸው ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ በራቸው ላይ የሰቀሉት ታፔላ ራሱ «መርፌ ልብስ ስፌት» ነው የሚለው። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር፣ አልጋው ከመጋረጃ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ተሰፍተው ያለቁ፣ ማንም መጥቶ ያልወሰዳቸው ልብሶች። «እነዚህ ባለቤቶቻቸው የወፈሩባቸው ናቸው» ይላሉ እያሳዩኝ። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ኖረዋል። ቤቱን በቃል ነው የገዙት፤ የሸጠላቸው ሰውዬ ሞቷል፤ የይዞታ ወረቀት የሚባል ነገር የላቸውም።

ቤቱ ሰፈሩን ለሁለት ከሚከፍለው ቦይ በስተቀኝ፣ ከድልድዩ ሦስተኛው ነው። ቦዩ ዝናብ በመጣ ቁጥር ይሞላና ሰዉ ፍራሹን ጠረጴዛ ላይ እየሰቀለ ያድራል። ከተማው ቦዩን ላሰፋው ነው አለ። የእኛ ድርጅት ደግሞ ከነዋሪው ጋር ሆኖ ሰፈሩን እንዲያጠና ተስማማ፤ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ።

እኛ ጋ አንድ ደንብ አለ። የሰፈሩን ካርታ ባለሙያ አይሥለውም፤ ነዋሪው ራሱ ነው የሚሥለው። አንድ ቅዳሜ በመዋዕለ ሕፃናቱ ክፍል ውስጥ ትልልቅ ወረቀቶች በፕላስተር አያይዘን መሬት ላይ ዘረጋን። ወንበሩ የልጆች ስለሆነ ትልቁም ትንሹም ጉልበቱን አገጩ አጠገብ አድርጎ ተቀመጠ። ቧንቧው እዚህ ጋ ነው፣ አይ እዚያ ጋ ነው ተብሎ ግማሽ ቀን ክርክር። ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቶቹ ገባን። የይዞታ ወረቀት ያለው ቤቱ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ይለጥፋል፣ የሌለው ቀይ።

አረንጓዴው ወዲያው አለቀ። ቀዩን ማንም አልነካውም። ሰዉ ሁሉ ጣሪያ ጣሪያ ማየት ጀመረ። እትዬ መርፌ ነጥቡን ጣታቸው ጫፍ ላይ ይዘው «ይሄ ወረቀት የት ነው የሚሄደው?» አሉኝ።

«ያለ እናንተ ፈቃድ ከእኔ እጅ አይወጣም፤ ቃሌ ነው» አልኳቸው አፌን ሞልቼ።

ትንሽ አዩኝና ቤታቸው ላይ ለጠፉት። በአውራ ጣታቸውም ጫን አሉት። ከእሳቸው በኋላ ስምንት ሰው ተነሥቶ ለጠፈ፤ ሁሉም ከቦዩ በስተቀኝ። መጨረሻ ላይ ሰላሳ ሰባት ሰው ከካርታው ጀርባ ፈረመ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ሥራ ማለት ይሄ ነው እያልኩ።

አሁን ሥራ አስኪያጃችንን ላስተዋውቃችሁ። ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ፤ ዘወር ሲል አቶ አባሪ ነው። ምን ቢነግሩት «አባሪ አድርጊው» ነው መልሱ። ክፉ ሰው አይደለም። ሐሙስ ዕለት አስጠራኝና ከተማው ካርታውን እንደሚፈልግ፣ ሰኞ ጠዋት መላክ እንዳለበት ነገረኝ።

«ሰዎቹን ሳንጠይቅ አይቻልም፤ ቃል ገብቼላቸዋለሁ» አልኩት።

«ስብሰባ እስኪጠራ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ከተማው እኮ ጠላት አይደለም፣ አብሮን የሚሠራ ነው። ባለሙያ መረጃ አይደብቅም። እኛ ሠራተኞች ነን፤ ታጋዮች አይደለንም።» ከዚያ የሚወዳትን ዓረፍተ ነገር ጨመረ፦ «ንጹሑን ቅጂ አዘጋጂና አባሪ አድርጊው።»

ንጹሕ ቅጂ የምንለው ሰዉ የሣለውን፣ የተሠረዘ የተደለዘውን በማስመሪያ አስተካክለን የምንገለብጠው ነው። ሁልጊዜ የምንልከው እሱን ነው። ዋናው የኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል።

ደሜ ፈላ። ቀይ ነጥብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ካቻምና በከተማው ሌላ ጫፍ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች «ለምዝገባ ነው» ተብለው ስማቸው ተለቀመ፤ በወሩ ዶዘር መጣባቸው። ይሄን ያየሁት በዐይኔ ነው፤ ታናሽ እህቴ ከዶዘሩ ፊት ተኝታ የተነሣችውን ፎቶ እናቴ እስከዛሬ አልፈቀደችም ቤት እንዲሰቀል።

እህቴን ቤት ውስጥ እሳቷ ነው የምንላት። የቤት መብት የሚሉ ልጆች ጋር ናት፤ ድምፅ ማጉያው አልጋዋ ሥር ነው የሚያድረው። እኔን «የወረቀት ሴትዮ» ትለኛለች። ቅዳሜ ከሰዓት ካርታውን ይዤ ክፍሏ ሄጄ የተፈጠረውን ስነግራት አላሾፈችብኝም። በሩን ዘጋችና «እታለም፣ ይሄን ካርታ ሰጠሻቸው ማለት ዶዘሩን መንገድ አሳየሽው ማለት ነው» አለችኝ።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ሁሉንም አረንጓዴ አድርጊው።»

«መዝገብ ሲያገላብጡ ይጋለጣል።»

ካርታውን አልጋዋ ላይ ዘርግተን አየነው። ከዚያ እኔ ነኝ ያልኩት፣ እሷ አይደለችም። ጥፋቱን በሷ እንዳላሳብብ እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። «ካርታው ላይ ከሌሉስ?» አልኩ። «ወረቀት ላይ የሌለን ቤት ማን ይነካዋል?»

እስቲ አስቡት። ቤቶቹ እኮ ቆመው የሚታዩ ናቸው፤ ዕውር ካልሆነ ማንም ያያቸዋል። ግን አሥራ አንድ ዓመት ቢሮ የተቀመጠ ሰው፣ በጽሑፍ ያልቀረበ ነገር ሁሉ እንደሌለ ሲቆጠር እያየ የኖረ ሰው፣ እንዲህ ያስባል። ተራ ሰው ይሄን አይሳሳትም። ይሄን ለመሳሳት መማር ያስፈልጋል።

እህቴ ማስመሪያውን ያዘችልኝ፣ እኔ ገለበጥኩ። የግራው ዳር አሥራ አራት ቤት እንዳለ ተቀመጠ። በቀኙ ዳር ዘጠኙ በነበሩበት ቦታ ክፍት እንዳይመስል ሣር ሣልኩበት። ደኅና አድርጌ ነው የሣልኩት።

«እትዬ መርፌ ያውቃሉ?» አለች እህቴ።

«ምን አስጨነቃቸው። ካለፈ በኋላ እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

ሐሙስ ዕለት «ሰዎቹን ሳንጠይቅ አይቻልም» ያልኩት ሴትዮ፣ ቅዳሜ ዕለት ከእነሱ ሰፈር የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ያን ቀን ይሄ ትዝ አላለኝም። ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ቅጂው ለከተማው ተላከ፤ ስድስት ሳምንት አለፈ። አንድ ማክሰኞ የከተማው መሐንዲስ ወደ ቢሮአችን መጣ፤ ከንፈሩ ጥርሱን የማይከድንለት፣ ሁሌ ፈገግ የሚል ትሑት ሰው። ንድፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በእርሳሱ ጫፍ ቦዩን ተከተለ። «በግራ ብናሰፋው አሥራ አራት ቤት ይነሣል። ለእያንዳንዱ ምትክ ቦታ መፈለግ አለ። በቀኝ ግን እንደምታዩት ሣር ነው። ስለዚህ ወደ ቀኝ ወስደነዋል። አንድም ነዋሪ አይነሣም።» ቀና ብሎ እኔን አየ። «ለካርታው በጣም እናመሰግናለን፤ እሱ ነው ያቀለለልን።»

አቶ አባሪ አጨበጨበ።

«ቦታው ላይ ሄዳችሁ አይታችኋል?» አልኩ።

«እንዴታ። ጥቂት ቤቶች ተቀልሰውበታል። ቦዩ ሊሰፋ ነው ሲባል ምትክ ለማግኘት በችኮላ የተሠሩ ናቸው። ነዋሪው ራሱ በሣለው ካርታ ላይ እኮ የሉም። ስለዚህ ምልክት አድርገንባቸዋል፣ ይነሣሉ።»

እግሬ እንዴት እንዳደረሰኝ አላውቅም፣ ሰፈሩ ሄድኩ። ዘጠኙም በር ላይ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። እትዬ መርፌ መስኮቱ ሥር የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፤ ይሄን መቼም አልረሳውም።

«እሰይ መጣሽ። እነዚህ ሰዎች ትናንት መጥተው ቤቱ አዲስ ነው አሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው ብላቸው ሳቁብኝ። ካርታው ላይ አለሁ፣ ሰፈሩ ሁሉ ፈርሞልኛል፣ ልጅቷ ታመጣላችኋለች አልኳቸው።» ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «ነጥቧን ስለጥፍ ፈርቼ ነበር እኮ። በኋላ ግን ልቤ ተረጋጋ። ወረቀት ባይኖረኝ፣ አለች ተብሎ የተጻፈልኝ እሱ ብቻ ነው። መቼ ነው የምታመጪልኝ?»

«ነገ» አልኩና ወጣሁ።

ወደ ቢሮ ተመለስኩና ለአቶ አባሪ ሁሉንም ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። «በሌሎች አምስት ሰፈሮች ካርታ ሠርተናል» አለ በመጨረሻ። «ይሄ ከወጣ አምስቱም ይወድቃሉ። ማን ያምነናል? እኔ በውስጥ መንገድ አነጋግራቸዋለሁ። ተጨማሪ ማብራሪያ የሚል ነገር እናዘጋጃለን። አንቺ ግን አንዲት ቃል እንዳትጽፊ።»

እህቴ ጋ ሄድኩ። ቁጭ ብላ ጨርቅ ላይ መፈክር ትጽፍ ነበር። ስነግራት አለቀሰች፤ እሳቷ ስታለቅስ ካየኋት ዘመን የለውም። ቀጥሎ ግን ዕንባዋን ጠርጋ «እንዳትናገሪ» አለችኝ። «አንድ ካርታ ቀይረናል ካልን ከዚህ በኋላ የምናወጣውን መረጃ ሁሉ ፈጠራ ነው ይሉናል። ዓርብ ሰልፍ እንወጣለን። ቤቶቹን በጩኸት እናስመልሳቸዋለን።»

«ካልተመለሱስ?»

«ሰፈሩ አንድ ብቻ አይደለም፣ እታለም።»

ሁለቱ ተያይተው አያውቁም። ቢተያዩ የሚፋጁ ናቸው። ግን በአንድ ቀን፣ በአንድ ነገር ላይ፣ አንድ አፍ ሆኑብኝ፦ ለትልቁ ሥራ ሲባል ዝም በይ። አስፈሪው ደግሞ ሁለቱም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ያን ሌሊት የተቀቡት በሮች ዐይኔ ላይ ቆመው አደሩ።

በማግስቱ ጠዋት ዋናውን ካርታ ከቁም ሣጥኑ አወጣሁና ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ሄድኩ። እትዬ መርፌ ሊያቅፉኝ ተነሡ። «ቆዩ፣ መጀመሪያ ይስሙኝ» አልኳቸውና ቆሜ ነገርኳቸው። ቅጂውን፣ ሣሩን፣ መሐንዲሱን፣ ሁሉንም።

ቀስ ብለው ተቀመጡ። የስፌት መኪናውን ጎማ በእጃቸው ያዙት፤ አላዞሩትም፣ ያዙት ብቻ።

«ሣር?» አሉ።

«አዎ።»

«በሃያ ሁለት ዓመቴ ላይ ሣር አበቀልሽበት?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። «ላድንዎት ብዬ ነው» አልኩ፤ ከአፌ ሲወጣ ራሱ ቀፈፈኝ።

«ከቤቴ እስከ ቢሮሽ ስንት ሰዓት ያስኬዳል? እኔ የትም አልሄድኩ፣ እዚሁ ነኝ። መጥተሽ፣ እትዬ ነጥቡን ላንሣው ወይ ብትይኝ ምን ነበረበት? አታንሺው እልሽ ነበር። ፈርቼ ለጠፍኩት እንጂ ተታልዬ አይደለም። በገዛ እጄ ነው የለጠፍኩት፣ መኖሬ እንዲታይ ብዬ።»

አለቀስኩ። አላባበሉኝም። ዩኒፎርሙን አጥፈው ጎን አስቀመጡና «በይ ወረቀት አውጪ» አሉ።

«ምን ልጻፍ?»

«ያደረግሽውን። ለዚያ ሳቂታ ሰውዬ። ከነሥራሽ ከነማዕረግሽ ፈርሚበት።»

ጻፍኩ። ደብዳቤ መጻፍ አያቅተኝም፣ ዕድሜዬን የፈጀሁበት ነው። ሲያልቅ «አንብቢልኝ» አሉ። አነበብኩ፦ «ካርታው በሚገለበጥበት ወቅት በተፈጠረ ስሕተት ዘጠኝ ቤቶች ሳይካተቱ ቀርተዋል…»

«የምን ስሕተት?»

«እንዲህ ነው የሚጻፈው፣ እትዬ።»

«እኔ ሸሚዝ ቆርጬ ሳበላሽ ለባለቤቱ መቀሱ ሸርተት አለ አልለውም። አውቀሽ ነው ያወጣሽን። አውቄ ነው በይ።»

«ከሥራ ያባርሩኛል።»

«ሊያባርሩሽ ይችላሉ» አሉ፤ ድምፃቸው ላይ ክፋት አልነበረም። «ግን የምልሽን ስሚ። ስሕተት ነው ካልሽ፣ ያ ሰውዬ ዛሬ የያዝሽውም ስሕተት ላለመሆኑ በምን አውቃለሁ ይልሻል። አንዴ የተሳሳተች ሁለቴ ትሳሳታለች። አውቄ አወጣኋቸው ካልሽ ግን፣ የሚወጣ ነገር ነበር ማለት ነው። ነበርን ማለት ነው።»

አሥራ አንድ ዓመት ስብሰባ ስመራ እንዲህ አጥርቶ የተናገረ ሰው አላጋጠመኝም። ሰርዤ እንደገና ጻፍኩት። «ዘጠኙ ቤቶች እንዳሉ እያወቅሁ፣ ነዋሪዎቹን ሳልጠይቅ፣ በራሴ ውሳኔ ከቅጂው አውጥቻቸዋለሁ።» የእህቴን ነገር አላነሣሁም፤ የሣለው የኔ እጅ ነው። እትዬ መርፌ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና «አሁን ልኩ ነው» አሉ።

ደብዳቤውንና ዋናውን ካርታ፣ ከሰላሳ ሰባቱ ፊርማ ጋር፣ መሐንዲሱ እጅ ላይ ራሴ አስቀመጥኩ። እያነበበ ፈገግታው ጠፋ። «ሞያተኛ ነሽ ብዬ ነበር እኮ ያመንኩሽ» አለኝ፣ እንደተከፋ ሰው።

ከዚያ የሆነው በአጭሩ ይሄ ነው። አቶ አባሪ የእገዳ ደብዳቤ ሰጠኝ፤ የኔን ደብዳቤ አባሪ አድርጎበታል። የዓርቡ ሰልፍ ላይ ሰው ሳይወጣ ቀረ፤ «መረጃቸውን እየፈጠሩ ነው» የሚለው ወሬ ቀድሟቸው ነበር። እህቴ ስልኬን አታነሣም። እናቴ «ስብሰባው ተቋረጠ?» ብላ ጠየቀችኝና መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ጓዳ ገባች።

መሐንዲሱ በሳምንቱ ሜትር ይዞ መጣ። ዘጠኙን ቤት አንድ በአንድ ለካ፣ የግድግዳውን ዕድሜ በጥፍሩ እየፋቀ አየ፣ ከጎረቤት ጋር ተነጋገረ። እትዬ መርፌ ቤት ሲደርስ ግድግዳው ላይ ካሉት ልብሶች አንዱን፣ የደበዘዘ ኮት፣ አወረዱና ኪሱ ውስጥ የተሰፋውን የቀጠሮ ቁራጭ ወረቀት አሳዩት። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተጻፈ ቀን አለበት። ባለቤቱ ወፍሮበት የቀረ ኮት። መሐንዲሱ ቀኑን መዝግቦ «ውሳኔው የኮሚቴው ነው፣ ቃል ልገባ አልችልም፤ በሁለት ሳምንት ይነገራችኋል» አለና ሄደ። ነጩን ቀለም ማንም አላጠፋውም።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ልግባ ልሂድ ሳልወስን እትዬ መርፌ ስፌት መኪናቸው ፊት ተቀመጡ።

«ሥራሽስ?» አሉኝ።

«ታግጃለሁ። የኔም ውሳኔ በሁለት ሳምንት ነው።»

«በይ እንግዲህ፣ አብረን እንጠብቃለን።» ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አሳለፉ። «ይቅርታሽን አሁን እንዳትጠይቂኝ። ቤቱ ከተረፈ እናወራበታለን። ካልተረፈም እናወራለን፣ ያ ግን ሌላ ወሬ ነው።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«ዝም ብለሽ ከምትቆሚ ይሄን ጨርቅ ያዢልኝ። ረጅም ነው፣ መሬት እየነካብኝ ነው።»

የመጋረጃ ጨርቅ ነበር፣ ሰፊ። ተንበርክኬ እጄን ዘረጋሁና ከመንካቴ በፊት አቆምኩ።

«የቱ ጋ ልያዝልዎት?» አልኳቸው።

መኪናውን አቁመው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«አሁን ገና ጠየቅሽ» አሉና ጫፉን በጣታቸው አሳዩኝ።